መንታ ሲወለድ በማዋለጃ መዝገብ ላይ አንድ ረድፍ ወይስ ሁለት?

መነሻ አቅራቢ፦ የጤና ጣቢያችን መዝገብ ለአንዲት ወላድ አንድ ረድፍ ይሰጣል። መንታ ሲመጣ ሁለተኛው ልጅ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ይጨመራል፤ ወይም ይረሳል። እኔ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ረድፍ ይሰጠው ባይ ነኝ። የሚቃወም ካለ ይናገር።

አዋላጅ ነርስ፦ እኔ እቃወማለሁ። የመጀመሪያው ወጥቶ ሁለተኛው በእግሩ ሲመጣ ብዕር የሚያነሣ ማን ነው? ክብደታቸውን የጓንት ካርቶን ላይ ጽፌ ሲነጋ ነው የምገለብጠው። ረድፍ ብትጨምሩም የሚሞላው ከዚያው ካርቶን ነው።

የመረጃ ሠራተኛ፦ እህቴ፣ ድካምሽን አልክድም። ግን የወሩን ሪፖርት የምደምረው እኔ ነኝ። ለምሳሌ የወለዱ እናቶች 60፣ በሕይወት የተወለዱ 59፣ ሞቶ የተወለደ 1 ተብሎ ይመጣል። ድምሩ ገጠመ ተብሎ ይታለፋል። ከእናቶቹ አንዷ መንታ ከወለደች ግን ልጆቹ 61 መሆን ነበረባቸው፤ መግጠሙ ራሱ ስሕተቱን ሸፈነው። ሁለት ረድፍም ያሰጋኛል፤ እናቲቱ ሁለት ጊዜ ከተቆጠረች በጤና ተቋም የወለዱት ቁጥር ያለአግባብ ያብጣል።

የመንታ እናት፦ አንዷ ልጄ ሞታ ተወለደች። በእጄ ያለው ወረቀት የሚያውቀው ወንድሟን ብቻ ነው። ሐኪም በቀየርኩ ቁጥር «መንታ ነበር» ብዬ ከመጀመሪያው አስረዳለሁ።

የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ፦ ክርክሩ ሁሉ ጤና ጣቢያ ውስጥ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ አድጓል፤ ቤት የሚወለዱት ግን አሁንም አሉ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በሦስተኛው ቀን ያረፈ መንታ ልደቱም ሞቱም መመዝገብ አለበት፤ ቤተሰብ ግን በሕይወት ያለውን ታቅፎ ይመጣል። እኔም ያልነገሩኝን አልጽፍም። ይህን ሊይዝ የሚችለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የቤተሰብ ማህደር፣ ማለትም የየቤቱን የጤና መረጃ የምትይዝበት ፋይል ነው፤ ቤቱን የምታውቀው እርሷ ናትና።

መነሻ አቅራቢ፦ የእናቲቱ ቁጥር አንድ ሆኖ ልጆቹ «ሀ» እና «ለ» ቢባሉስ? እናቶች በቁጥራቸው ይደመራሉ፣ ልጆች በረድፋቸው።

የመረጃ ሠራተኛ፦ እንዲያ ከሆነ እስማማለሁ። ሁለቱን ድምሮች ግን ለየብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ይምጣ።

አዋላጅ ነርስ፦ የመንታ እናት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለአንቺ ስል «ሀ» እና «ለ»ን ተቀብያለሁ። እናንተ ቅጽ ስታበዙ ግን ለሌሊቱ ተራ አንድ ሰው ጨምሩልኝ፤ ያኔ ሦስት ረድፍም ቢሆን እጽፋለሁ።