ድንኳናችን ውስጥ ሌሊት ውሃ ይንጠባጠባል፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ለልምምድ ብለን ከሁለት ልጆቻችን ጋር ደሴ አጠገብ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለን አደርን። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ጦሳ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው። የጥር ብርዱ ቀልድ አይደለም።

ብርዱን በጋቢ ቻልነው። ያቃተን ውሃው ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ዝናብ የሚባል የለ፤ ሊነጋ ሲል ግን ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ድንኳኑ አለቀሰ» አለች። ትንፋሻችን ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውሃ እንደሚሆን ገብቶኛል። መስኮቱን ስከፍት ልጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ስዘጋው እንረጥባለን። አማቴ «ከሰል አስገቡበት» አሉ። እሱስ አይሞከርም! በተዘጋ ቦታ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል።

ትምህርት ቤት ለእረፍት ሊዘጋ 10 ቀን ቀረው። ልጆቹ ለሁለት ሌሊት ቃል አስገብተውኛል። ድንኳኑ ነጠላ ነው። ከላይ ሌላ ሸራ ብወጥርበት ይረዳል? ክፍት የምተወው በነፋሱ በኩል ነው ወይስ በተቃራኒው? ከሥርስ ከሰሌን ሌላ ምን ላንጥፍ? ወፍራም የመኝታ ከረጢት የሚያከራይ ካለም ጠቁሙኝ። ጅቡን ለኔ ተዉት።