ኦቦ ይዞ ኦርኬስትራ ውስጥ መቀጠር ይቻላል ወይ?

ጠያቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ልገባ ነው፣ መሣሪያዬ ኦቦ ነው፣ ያ ከእንጨት የሚሠራው የትንፋሽ መሣሪያ። አስተማሪዬ «በርቺ» ይለኛል፣ ቤተሰብ ደግሞ «በዚህ እንጀራ ይበላል?» ይላል። ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ፣ ቋሚ ቦታ ይገኛል? ደግሞ ኦቦ ነፊ ሁሉ ስለ ሪድ (አፍ ውስጥ ስለሚገባው የሸምበቆ መንፊያ) ብቻ የሚያወራው ለምንድነው?

ሁለተኛ ወንበር፦
ይገኛል፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ብቻ 30 ገደማ ሰው ይይዛል፣ ኦቦ ግን ሦስት ወይ አራት፣ ከነሱም አንዱ ኮር አንግሌ (ድምፁ ወፈር ያለው የኦቦ ዘመድ) ነፊ ነው። ወንበር የያዘ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ፊላደልፊያ ኦርኬስትራን እዪው፦ ማርሴል ታቡቶ ከ1915 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. አንደኛ ኦቦ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ ተማሪው ጆን ደ ላንሲ እስከ 1977 ተቀመጠበት። 62 ዓመት፣ ሁለት ሰው!

ፈተናው ብዙ ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ነው። የሞዛርትን የኦቦ ኮንቼርቶ (አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ድርሰት) መጀመሪያ ያስነፉሻል፣ ከዚያ ከብራምስ ቫዮሊን ኮንቼርቶ ኦቦው ዜማውን የሚይዝበትን ዝግተኛ ክፍል፣ አንድ ኖታ ካንሸራተትሽ «አመሰግናለሁ» ብለው ይሸኙሻል። ካለፍሽ በኋላም የሙከራ ጊዜ አለ።

ቢላ የማይለየው፦
የሪዱን እኔ ልመልስ። አብዛኛው ባለሙያ ሪዱን ራሱ ነው የሚሠራው። ሸምበቆውን (ስመ ጥሩ ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከቫር ነው የሚመጣው) ውኃ ውስጥ ታርሺዋለሽ፣ አጥፈሽ ትንሿ ቱቦ ላይ በክር ጠብቀሽ ታስሪዋለሽ፣ ከዚያ መፋቅ ነው። ጫፉ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ እስኪቀር ድረስ! ብርሃን ላይ ይዘሽ የሳሳውንና የወፈረውን ታያለሽ፣ አፍሽ ውስጥ ከተሽ ታስጮኺዋለሽ፣ እንደገና ትፍቂያለሽ። አንዴ ቢላው ካለፈ አለቀ፣ ይጣላል። ጥሩ የወጣው ደግሞ ቢበዛ ጥቂት ሳምንት ነው የሚያገለግለው፣ አዳራሹ ደረቅ ከሆነም ትናንት የዘፈነው ዛሬ ያኮርፋል። ስለዚህ እህቴ፣ «ተሰጥኦ አለኝ ወይ?» ከማለትሽ በፊት በየቀኑ ብቻሽን ቢላ ይዘሽ መቀመጥ ትችዪ እንደሆነ ራስሽን ጠይቂ። ብዙ ጎበዝ ልጅ ሥራውን የተወው በዚህ ነው።

ትንፋሽ፦
አታስፈራሯት ባካችሁ! ቋሚ ወንበር ባይገኝም በየኮንሰርቱ ተጠርቶ መንፋት አለ፣ ማስተማር አለ፣ ሪድ ሠርቶ መሸጥም አለ፤ አብዛኛው ሰው እነዚህን ቀላቅሎ ነው የሚኖረው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልመጂ። ኦቦ ላይ የሚያስቸግረው አየር ማነስ ሳይሆን መትረፍ ነው፣ ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ የተቃጠለው አየር ሳይወጣ ደረትሽ ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ አስወጪ፣ ከዚያ ሳቢ።

ጠያቂዋ፦
አመሰግናለሁ፣ እውነት። ቢላው ላይ አንድ ጥያቄ፣ ግራኝ ነኝ፣ ችግር አለው?

ቢላ የማይለየው፦
የለውም። የግራኝ ቢላ ለብቻው ይሠራል፣ ስትገዢ ብቻ ተናገሪ።