የመጀመሪያ መኪናችሁ ምን ነበረች? እኔን አንዲት ኦልድስሞቢል እንቅልፍ ነስታኛለች

ባለመርፌ ቁልፉ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ እዚህ ቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ፣ አንድ ግቢ ደጃፍ ላይ "ይሸጣል" የተለጠፈባት ኦልድስሞቢል አየሁ። ካትላስ ሲየራ፣ የ1992፣ ወይን ጠጅ። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) 2,300 ዶላር ይላል። ይኸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

የመጀመሪያ መኪናዬ የሷ ታላቅ ነበረች፣ የ1988። 2001 ላይ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ እንኖርበት የነበረው ሕንጻ ውስጥ ያሉ አንዲት አሮጊት ዓይናቸው ደክሞ መንዳት ሲተዉ በ700 ዶላር ሸጡልኝ። ፓርኪንግ ላይ ቲኬት እየቆረጥኩ ያጠራቀምኳት ብር ነበረች።

አዲስ አበባ መንዳት የተማርኩት በማርሽ ነው። ሲየራዋ ደግሞ አውቶማቲክ፤ ማርሿም ከመሪው ጎን እንደ ፍሬቻ የወጣ ዘንግ ነው። እጄ ቶሎ ለመደ። ግራ እግሬ ግን እምቢ አለ። የመጀመሪያው መብራት ላይ ፍሪሲዮን የረገጥኩ መስሎኝ ያንን ሰፌድ የሚያህል ፍሬን ደፈጠጥኩት። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ክሩስኮቱን ሊስም ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ግራ እግሬን ወደ ወንበሩ ሥር አጥፌ ነዳሁ።

ወንበሯስ! የፊቱ እንደ ሳሎን ሶፋ አንድ ወጥ ነው። እሁድ ቤተክርስቲያን ስንሄድ ሦስት ከፊት ሦስት ከኋላ ሆነን የማንም ነጠላ አይጨማደድም።

ያው ዕድሜ ነውና የጣሪያው ጨርቅ ሙጫው ለቆ እንደ ድንኳን አናታችን ላይ ወረደ። እህቴ መርፌ ቁልፍ አምጥታ መስመር በመስመር ሰካካችው። አርባ ሁለት ናቸው። ቀይ መብራት በያዘኝ ቁጥር እቆጥራቸው ነበር። ማታ የመንገዱ መብራት ሲያርፍባቸው ብልጭ ብልጭ ይላሉ።

እና ልግዛት ወይስ "ተው" የምትለኝን ሚስቴን ልስማ?

የድሮ ታክሲ፦
አንተ ልጅ፣ የረሳሁትን አስታወስከኝ። የኔዋ ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበረች፣ የ1998። ከፖሊስ ጡረታ ወጥታ በጨረታ የተሸጠች። ባለ 4.6 ሊትር ቪ8 ሞተር፤ ትራንኳ አራት ሻንጣ ውጦ አይጠግብም። ዲሲ ታክሲ የሠራሁባት ያኔ ነው፣ ሂሳቡ በቆጣሪ ሜትር ሳይሆን ከተማዋ በተከፈለችባቸው ዞኖች በነበረበት ጊዜ። ሜትር የገባው 2008 ነው።

ቀለም ሳላስቀባት ሀይዌይ ላይ ስወጣ ፊቴ ያለው ሁሉ ፖሊስ የመጣ እየመሰለው ፍጥነት ይቀንስ ነበር። የመጀመሪያ ቀን የጫንኳቸው ሰውዬ ግን ሒሳብ ከፍለው አይወርዱም። "ምነው?" ብል በሩ ከውስጥ አይከፈትም! ለካ የእስረኛ በር ነው፤ እኔም ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዞሬ ከውጭ ከፈትኩላቸው። ጉርሻ አልሰጡኝም፣ አልፈርድባቸውም።

ፎርዶች 2011 ላይ ይቺን መኪና መሥራት ሲያቆሙ ሰው የሞተብኝ ያህል ተሰማኝ። ግዛት ልጄ።

ሚኒሶታ ነኝ፦
እኔ አንዷም አልናፈቀችኝ። የ1993 ሼቭሮሌት ሉሚና ነበረችኝ። መብራቷን ሳላጠፋ አድሬ ጠዋት ባትሪው ሞቷል፤ ውጭ ብርዱ ፊት ይልጣል። ሶማሌው ጎረቤቴ በካልሲና በሸበጥ ወጥቶ ከራሱ መኪና ባትሪ በገመድ አስነሳልኝ። የናፈቀኝስ እሱ ጎረቤቴ ነው። ሚስትህን ስማ።

ጋራዥ ውስጥ ያለሁ፦
ወንድሜ፣ ስሜቱን ለጋሼ ትቼ ብረቱን ልንገርህ። ኦልድስሞቢል በ1897 ተመሥርቶ 2004 ላይ ተዘግቷል። ይህ አያስፈራህ። የ1992ቷ ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነች ሞተሯ 3.3 ሊትር ነው፤ ያው ሞተር ቡይክ ሴንቸሪ ላይም አለ። የሞተር ዕቃ አታጣም። የምትቸገረው በጥቃቅኑ ነው፦ የበር እጀታ፣ የኋላ መብራት ሽፋን፣ የመስኮት ጎማ። እነዚህን የወዳደቁ መኪኖች መሸጫ ግቢ ነው የምትለቅመው።

ከመክፈልህ በፊት ክሪክ ላይ አስነሳትና ሥሯ ግባ። የፍሬን ዘይትና የቤንዚን ቱቦዎቹን በባትሪ እያበራህ እያቸው። በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው የሚበላው እነሱን ነው። ሞተሩ ጥሩ ነው ብለህ ቱቦው የበሰበሰ መኪና እንዳትገዛ፣ እባክህን።

ደግሞ ቨርጂኒያ 25 ዓመት ላለፋት መኪና አንቲክ (የጥንት መኪና) ሰሌዳ ይሰጣል። ዓመታዊ ምርመራው ይቀርልሃል፤ በየቀኑ ሥራ ልትመላለስባት ግን አይፈቀድልህም።

ባለመርፌ ቁልፉ፦
ጋሼ የእስረኛውን በር ለሚስቴ አንብቤላት ከሳቀች በኋላ "እስቲ እንያት" አለች። ቅዳሜ ሄድን። እንደተባልኩት ሥሯ ገባሁ፤ ቱቦዎቹ ደህና ናቸው። ሚስቴ የፊቱ ወንበር ላይ መሐል ተቀምጣ "ይቺ ሶፋ ናት" አለች። እኔ ገብቼ በሩን ስዘጋ አናቴን የሆነ ለስላሳ ነገር ነካኝ። ቀና ብዬ አየሁ።

መርፌ ቁልፍ በብዛት የት ነው የሚሸጠው?