የእድራችን ብር በቁጥር አድጎ በአቅም አንሷል፤ ምን ይሻለናል?

ጸሐፊዋ፣ ቀሃ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ቀሃ በኩል ያለ የሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን ስረከብ ከማኅተሙ ጋር የቆዩ መዝገቦች አብረው መጡ። ጠርዛቸውን አይጥ ነክቶታል፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

በ1965 ዓ.ም. ገጽ ላይ የወር መዋጮው 1 ብር ነው። ሰው ሲሞት እድሩ ለቤተሰቡ 100 ብር ይሰጣል። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከጎኑ የገበያ ዋጋ መዝግበውበታል። ጤፍ በኩንታል 30 ብር ይላል። እንግዲህ 100 ብሩ ሦስት ኩንታል ጤፍ ገዝቶ ይተርፈው ነበር። ለቀስተኛ አስተናግዶ ለአርባውም የሚሆን ነው።

ዛሬ መዋጯችን 50 ብር ነው። ለሐዘንተኛ የምንሰጠው 8 ሺህ ብር። በቁጥር ሰማንያ እጥፍ አድጓል። ግን አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም፤ ኩንታሉ ከ10 ሺህ ብር በላይ ነው።

ባለፈው ስብሰባ መዋጮው ወደ 100 ይደግ ብዬ ሐሳብ አቀረብሁ። አንድ አባት ተነሡና «8 ሺህ እኮ ትንሽ ገንዘብ አይደለም ልጄ፤ በእኛ ጊዜ በ8 ሺህ ቤት ይሠራበት ነበር» አሉ። ሰውም በእሳቸው ሐሳብ ተስማማ፤ ሐሳቤ ወደቀ። እኔ ግን ባለፈው ክረምት አባቷን የቀበረች ጎረቤቴን አይቻታለሁ። በ8 ሺው ሳጥኑንና ከፈኑን ገዛች፤ ለቀረው ተበደረች። እድር እያላት ለቅሶ ላይ ተበደረች! እድር የቆመው እኮ ለዚያ ቀን ነበር።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። ገንዘብ እንዲህ ሲያንስ የኖረው ከጥንትም ነው ወይስ የእኛ ዘመን ጣጣ ነው? በነገሥታቱ ጊዜ ጎንደር ላይ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ለልጅ ልጁ ይደርስለት ነበር? ባንክ ያለችውን ተቀማጫችንንስ ምን እናድርጋት? ለአባቶች በሚገባ ቋንቋ ማስረዳት እፈልጋለሁ።


የሒሳብ መምህር፣ አዘዞ

እህቴ፣ ተማሪዎቼን ይህን የማስረዳቸው በ72 ነው። 72ን ለዓመቱ የዋጋ ግሽበት ታካፍያለሽ። የሚወጣው ቁጥር ዋጋ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ይነግርሻል። ግሽበቱ 3 በመቶ ከሆነ 24 ዓመት ይፈጃል። 15 በመቶ ከሆነ አምስት ዓመት አይሞላም። 30 በመቶ ከሆነ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይበቃል።

ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው 3 በመቶውን ነው። በዓመት 3 በመቶ ሲጨምር ማንም ልብ አይለውም። መቶ ዓመት ሲጠራቀም ግን ዋጋውን 19 እጥፍ ያደርገዋል። አሜሪካኖቹን ተመልከቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1913 በ1 ዶላር ይገዛ የነበረው ዕቃ ዛሬ ከ30 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ገንዘባቸው በአንድ ሌሊት አልወደቀም። በየዓመቱ በአማካይ 3 በመቶ ገደማ እየተሸረፈ እዚህ ደረሰ።

የእኛ ደግሞ ፈጥኖ ነው የሄደው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ነበር። በደርግ ዘመን 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ተይዞ ቆየ። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ዶላሩም ዝም ብሎ የቆመ እንዳይመስልሽ። ብራችን የወደቀው ራሱ እየወደቀ ካለ ገንዘብ ጋር ተለክቶ ነው።

ለምን ሆነ ላልሽው፣ መንግሥት ወጪው ከገቢው ሲበልጥ ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ ተበድሮ ሲሞላ ኖሯል። አዲስ ብር ገበያ ይገባል፤ ጤፉ ግን በዚያው ልክ አይበዛም። በዚያ ላይ ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ። መንገድ ሲዘጋ የእህል ዋጋ ምን እንደሚሆን ለጎንደር ሰው አይነገርም። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ግሽበቱ ከ40 በመቶ በላይ ነበር። በ2014ም ከ30 በመቶ በላይ ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት እድራችሁ ለሐዘንተኛው የሚሰጠውን ካላሻሻለ ሰዉ ሳያውቀው ድጋፉን ቀንሷል ማለት ነው።

የባንኩ ወለድ አያካክሰውም ወይ ትይኝ ይሆናል። ባንኩ 7 በመቶ ይስጣችሁ እንበል፤ ኑሮው በ20 በመቶ ይወደድ። መቶ ብራችሁ 107 ሆነ። ትናንት በመቶ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 120 ገብቷል። 107 ለ120 ሲካፈል 0.89 ነው። ስለዚህ ከመቶው የመግዛት አቅም 11 ያህሉ በአንድ ዓመት ሄደ። አምስት ዓመት እንዲህ ከቀጠለ የሚቀረው 56 ነው። ደብተሩ ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ስለሚታይ ነው ሰው የማይነቃው።

ለእኒያ አባት የራሳቸውን ቃል መልሰሽ በአክብሮት ጠይቂያቸው። «አባቴ፣ በ8 ሺህ ይሠራ የነበረውን ያንኑ ቤት ዛሬ በስንት እናሠራዋለን?» በያቸው። ምላሹን ከማንም በላይ ያውቁታል።


ወርቅ ሠሪ፣ ፒያሳ

ስለ ድሮው የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። ሥራዬ ከብርና ከወርቅ ጋር ነው፤ አባቴም አያቴም አንጥረኞች ነበሩ። ጠገራ ብር፣ የማርያ ቴሬዛውን ማለቴ ነው፣ ዛሬም አልፎ አልፎ እጄ ይገባል። ሴቶች ከእናታቸው የወረሱትን ያመጡታል፤ መስቀል ወይም የአንገት ጌጥ አድርግልኝ ይሉኛል።

ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 28 ግራም ይመዝናል፤ ትንሽ ያለቀ ካልሆነ በቀር። ከዚያ ውስጥ 23 ግራም ከምናምኑ ንጹሕ ብር ነው። ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት የፈረንጅ ዓመት። ከዚያ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይም ተመትቷል። ዓመቱም፣ ሚዛኑም፣ መልኩም ግን አልተነካም። የእኛ ሰው ያመነውም በዚህ ነው። የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ አንድ በአንድ አይቶ ነበር የሚቀበለው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ አስመትተው ሲያወጡ እንኳ ብዙው ገበሬ ጠገራውን አልለቅ አለ። ስለዚህ እህቴ፣ በዘመነ መሳፍንት ጠገራ ቀብሮ የሞተ ሰው የልጅ ልጁ ቆፍሮ ቢያወጣው ያው 28 ግራም ነው የሚያገኘው።

አሞሌ ጨው ግን እንዲህ አይደለም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ይመጣ ነበር። ጨው በሚቆረጥበት አካባቢ በአንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ይገኛል፤ ጎንደር ሲደርስ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ዝናብ ይበላዋል፣ ይሰበራል። እንዳይሰበር ዙሪያውን በልጥ ያስሩት ነበር። ለዕለት ገበያ ጥሩ ነው፤ ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም ላሳስብሽ እፈልጋለሁ። ጠገራውም ቢሆን ሰው አላዳነም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ ክፉ ቀን በሚባለው ጊዜ፣ የከብት በሽታው በሬውን ሁሉ ጨረሰው። የሚያርስበት ጠፋ። ድርቅና አንበጣ ተከተለ። ጎንደር ደግሞ ገና በድርቡሽ ተቃጥላ ነበር። ያን ጊዜ ብሩ አልቀለለም፤ እህሉ ነው የጠፋ። የእህል ዋጋ ጣሪያ ነካ። ብሩን በእጁ ይዞ የተራበ ብዙ ነው።

ብሩ ከበዛም እንዲሁ ነው። ስፔኖች ከፖቶሲ ተራራ፣ ዛሬ ቦሊቪያ በሚባለው አገር፣ ብሩን በመርከብ ሲያግዙት በአውሮፓ ዋጋ በ150 ዓመት ውስጥ ስድስት እጥፍ ገደማ ጨመረ። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ እዚያ ገና እየተወደደ ነበር። ንጹሕ ብርም ሲበዛ ይረክሳል።

ያም ሆኖ በወረቀትና በማዕድን መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። በ1937ቱ ሕግ አንድ ብር 0.36 ግራም ገደማ ንጹሕ ወርቅ ያህላል ተብሎ ነበር የተደነገገው። አንድ ግራም ወርቅ 2 ብር ከ80 ሳንቲም መሆኑ ነው። ዛሬ ግራሙ ብዙ ሺህ ብር ነው። እኔ ብሆን የእድሩን ተቀማጭ ግማሹን ወርቅ አደርገዋለሁ።


እህል ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ

እታለም፣ ሁሉም ጥሩ ተናግረዋል። በወርቁ ነገር ግን አልስማማም። ሰው ሌሊት ሲሞት ጥሩንባው በማለዳ ይነፋል፤ ሳጥንና ከፈን የሚገዛው በዚያው ቀን ነው። ያን ሰዓት ወርቅ ይዞ ገዥ ማን ይፈልጋል? ስትገዢ በአንድ ዋጋ ነው፣ ስትሸጭ በሌላ። ወርቁስ ማን ቤት ያድራል? በእድር ገንዘብ ሰው ተጣልቶ አይቻለሁ። ወርቅ ሲሆን ጭራሽ ጎረቤት ከጎረቤት አይተማመንም።

እህል ገዝተን እናስቀምጥ የሚልም ይመጣልና ቀድሜ ልናገር። ጤፍ ደኅና ይቆያል፤ በቆሎና ስንዴ ግን ነቀዝ ይጨርሰዋል። መጋዘን ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። እድር ነጋዴ አይደለም።

እኔ ያለሁበት እድር ገንዘቡን ዕቃ ላይ አዋለው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎላ ድስት፣ ሳህን። ለአባል በነጻ ይሄዳል። ሰርግና ክርስትና ላለበት ለውጭ ሰው ይከራያል። ድንኳን ሲወደድ ኪራዩም አብሮ ይወደዳል። ባንክ የምናስቀምጠው ድንገት ለሚመጣ ሐዘን የሚበቃውን ብቻ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። 8 ሺህ ብር እንሰጣለን የሚለውን ቃል ሰርዙት። የድሮው ጸሐፊ መንገዱን አሳይተውሻል እኮ። ስንት ኩንታል ጤፍ እንሰጣለን ብላችሁ ወስኑ። ብሩን በየዓመቱ ከዚያ ተነሥታችሁ አስሉት። ብር ምንም ቢሆን ሐዘንተኛው የሚያገኘው አያንስበትም።


ጸሐፊዋ፣ ቀሃ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የ72ቷን ሒሳብ በትልቅ ወረቀት ጽፌ ስብሰባው ላይ እለጥፋታለሁ። ጋሼ፣ የክፉ ቀኑን ነገር አያቴም ታወራው ነበር፤ ከብሩ ጋር አያይዤ ግን አላሰብሁትም። ወርቁን የእኛ ሰው የሚቀበለው አይመስለኝም፤ ያሉትን ግን ለኮሚቴው እነግራለሁ።

እትዬ፣ በጤፍ እንቁረጠው ያሉኝ ልቤን አሳረፈው። ሁለት ኩንታል ብለን ብንጀምር እንደ 1965ቱ ሦስት ባይሆንም ማንም ተበድሮ አይቀብርም። ችግሩ መዋጮው በጣም መጨመሩ ነው። የጡረታ ሰዎች አሉን፤ ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች አሉን። 50 ብሩንም ጨንቋቸው ነው የሚከፍሉት። ጡረታቸው ከጤፉ ጋር አብሮ አያድግም። እነሱን ከእድር የሚያስወጣ ውሳኔ ከሆነ አልፈልገውም። የድንኳኑ ኪራይ የእነሱን ልዩነት እንዲሸፍን አድርጌ ላቅርበው ወይ? ደግሞ የትኛውን ጤፍ፣ የየትኛውን ወር ዋጋ እንያዝ? ነጩና ሰርገኛው ዋጋቸው ለየቅል ነው።


እህል ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ

ኪራዩ ለእነሱ ይዋል፤ ደግ አስበሻል። እኛም ለአቅመ ደካሞች እንዲሁ ነው የምናደርግ።

ሰርገኛውን ያዙ። ለቅሶ ቤት የሚጋገረው እሱ ነው። የጥርን ዋጋ ብቻ እንዳትይዙ፤ አዲሱ እህል ገበያ የሚገባበት ስለሆነ ርካሽ ነው፤ ክረምት ላይ የሚሞትበት ሰው ይጎዳል። የነሐሴን ብቻ ከያዛችሁ ደግሞ መዋጮው ይከብዳል። የጥርንና የነሐሴን ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። ዋጋውን ከአንድ ነጋዴ አትቀበሉ፤ ከእኔም ቢሆን። ሁለት ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ልካችሁ ሦስት አራት ቦታ አስጠይቁና መዝገቡ ላይ አስፍሩት።