የብሉትነር ፒያኖዬን ድምፁ ሳይቀየር ማሳደስ ይቻላል?

ሰላም፣ ፒያኖ የምትጫወቱም የምትቃኙም እባካችሁ አማክሩኝ። አዲስ አበባ ነኝ፣ ቤት ያለኝ አሮጌ የብሉትነር ግራንድ ነው፣ ላይፕዚግ የተሰራ፣ የላይኞቹ ኖታዎች ላይ ከሦስቱ ክር ሌላ ክሩን የሚመታው መዶሻ የማይነካት አራተኛ ክር ያለችው፣ አሊኳት የሚሏት፣ ፋብሪካው በ1873 ፓተንት ያወጣባት። ያቺ ክር ሳትመታ አብራ ስለምትነዝር ድምፁ እንደሌላ ፒያኖ አይደለም፣ በተለይ ትዝታ ቀስ ብዬ ስጫወትበት የሚመልስልኝ ነገር አለ፣ ሌላ ፒያኖ ላይ ስቀመጥ እጄ ራሱ ባዳ ይሆንብኛል።

አሁን ግን በጋው ሲደርቅ ቶሎ ቶሎ ከቅኝት ይወጣል፣ ክሩን የሚይዙት ፒኖች ላልተዋል፣ የመዶሻዎቹ ፌልትም (የለበሱት ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ) ጠጥሮ ድምፁ ሻከረ። አንድ ባለሙያ ፒኑን ወፈር ባለ ቀይረው መዶሻውንም አዲስ አድርግ አለኝ፣ ሌላው ደግሞ ሽጠውና ዲጂታል ግዛ (ይሄን እንኳን ልሰማው አልፈልግም)። የጨነቀኝ መዶሻው ከተቀየረ ያ የማውቀው ድምፅ ይጠፋብኝ ይሆን የሚለው ነው። ፌልቱን በመርፌ እየወጉ ማለስለስ ብቻ አይበቃም? መዶሻ ያስቀየራችሁ ካላችሁ ድምፁ ተመለሰ ወይስ ሌላ ፒያኖ ሆነባችሁ? የክፍሉን እርጥበት 45 ፐርሰንት አካባቢ ለማቆየትስ እዚህ ምን ትጠቀማላችሁ?