ለቅዳሜ እራት ሲራ ወይን፦ ከዶሮ ወጥ ጋር ይሄዳል?

ሰላም ከሬንተን፦
ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ የባለቤቴ አለቃ ከነሚስቱ እራት ይመጣሉ። የዋሽንግተን ስቴት ሲራ የሚባል ቀይ ወይን ሁለት ጠርሙስ ገዝተናል፤ አልኮሉ 14.8 በመቶ ነው። ታላቅ ወንድሜ ግን «ዶሮ ወጥ ካልቀረበ እንግዳ ተጠራ አይባልም» ብሎ ይዞኛል። አብረው ይሄዳሉ? ለስድስት ሰውስ ይበቃል?

ቤቲ፦
እህቴ፣ አይሄድም። የበርበሬውን ማቃጠል አልኮል ያባብሰዋል፣ ታኒን የሚባለው የወይኑ መጣጣ ነገርም አፍ ያደርቃል፤ የወይኑ የፍሬ ጣዕም ጠፍቶ እሳት ብቻ ይቀራል። የበግ ጥብስ አድርጊው። ለሲራ የቁንዶ በርበሬ ሽታ የሚሰጠው ሮተንዶን የሚባለው ውህድ በጥብስ ቅጠልም ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ይግባባሉ። የበጉ ስብና ጨው ታኒኑን ያለዝቡታል። ቃሪያውን ቀንሺ፣ ሚጥሚጣውን ለፈለገ በትንሽ ሳህን ለብቻው አቅርቢ። እንጀራውም በጣም እንዳይኮመጥጥ፤ ኮምጣጣ ምግብ እንዲህ ያለውን ወይን ለስላሳና ጣዕመ ቢስ ያደርገዋል።
አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው፣ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለስድስት ሰው ሦስተኛ ጨምሪ።

ጋሽ ተ.፦
ወይኑ በሞቀ ቤት ተቀምጦ ከቀረበ አልኮሉ ብቻ ነው አፍንጫ የሚመታው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን፤ ለዚህ 25 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ከማዕዱ 45 ደቂቃ ቀደም ብለሽ አየር እንዲያገኝ ወደ ማንቆርቆሪያ ገልብጪው። ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ሙይ፣ አሽከርክረሽ አሽትቺ፣ ከዚያ አፍሽ ውስጥ ጥቂት አቆይው። ቁንዶ በርበሬው ካልሸተተሽ አትጨነቂ፣ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ሮተንዶንን አያሸትም። ለሌላ ጊዜ ግን ክሮዝ ኤርሚታዥ የሚባለውን የፈረንሳይ ሰሜን ሮን ሲራ ግዢ። ቀዝቃዛ አገር ስለሆነ አልኮሉ ዝቅ፣ ቁንዶ በርበሬው ጎላ ይላል።

ዳኒ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፈረንሳይ ምን አስኬደን? ዝዋይ ላይ ካስቴል የሚባለው የወይን ኩባንያ የተከለው ሲራ አለ፤ ሪፍት ቫሊ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ይሸጣል። አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ቢያመጣ እኮ እንግዳው የአገራችንን ምድር ይቀምስ ነበር። ብር ከመላክ ሌላ ለአገር የምናደርገው ይህ ነው።

ጋሽ ተ.፦
ዳኒ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ግን ሕጉን እወቅ። ወደ አሜሪካ ሲገባ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ያለ ቀረጥ የሚያልፈው አንድ ሊትር ነው። ሁለት ጠርሙስ 1.5 ሊትር ይሆናል። ማምጣት አልተከለከለም፣ ነገር ግን ማስመዝገብ አለብህ፤ ከአንድ ሊትር በላይ ያለው ቀረጥ ሊያስከፍልህ ይችላል። ሻንጣ ውስጥም በልብስ ብቻ ጠቅልለህ አትተማመን፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርገህ እሰረው።

ዳኒ፦
ለቀረጥ ፈርተን የአገራችንን ምርት እንተው?

ቤቲ፦
ማንም ተው አላለም፤ አስመዝግቦ ማምጣት ነው።

ሰላም ከሬንተን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጥብሱን ወስኛለሁ። ወንድሜን ግን ምን ልበለው?

ዳኒ፦
ቤቲ፣ ቀረጡ በሊትር ነው ወይስ በዋጋ የሚታሰበው?