አባቴን ወዴት ልውሰዳቸው? ማውንት ቨርነን ወይስ ሞንቲቼሎ?

የመምህሩ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በሚቀጥለው ወር ከደብረ ማርቆስ እኔ ወዳለሁበት አሌክሳንድሪያ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ) ይመጣሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ «ገበያ ሳይሆን የፕሬዚዳንቶቹን ቤት አሳዪኝ» ብለውኛል። ያገኘሁት ፈቃድ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። የዋሽንግተን ማውንት ቨርነን ቅርባችን ነው። የጄፈርሰን ሞንቲቼሎ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ያስነዳል። ያን ያህል መንገድ መድከም ያዋጣል?

የሻርለትስቪሉ፦
እህቴ፣ ሞንቲቼሎን እንዳትተዪው! እንግዳ በመጣልኝ ቁጥር እወስዳለሁ፣ አልሰለቸኝም። ለጉልበታቸው አትስጊ፤ ኮረብታው አናት ድረስ አውቶቡስ ያደርሳችኋል፣ የተለመደው ጉብኝትም ደረጃ አያስወጣም። መግቢያው አዳራሽ ያለውን ትልቅ ሰዓት አሳዪያቸው። ክብደቶቹ በግድግዳው ላይ ቁልቁል ሲወርዱ ዕለቱን ያመለክታሉ፤ ግድግዳው ስላልበቃ ወለሉ ተበስቶ ቅዳሜ ምድር ቤት ወርዳለች።

ከዚያ ባሪያዎቹ ይኖሩበትና ይሠሩበት ወደነበረው ማልበሪ ሮው ሂዱ። በአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ላይ «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብሎ የጻፈው ጄፈርሰን በዕድሜው ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ሲሞት ዕዳው ከባድ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1827 ወደ 130 የሚሆኑት ለጨረታ ቀረቡ። እዚያ ስቆም ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። ስትመለሱ መቃብሩን እዩ፤ ራሱ ባዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ፕሬዚዳንትነቱ የለም፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን መመሥረቱ ግን አለ። ለመምህር ከዚህ የበለጠ ምን ይታያል?

ፖቶማክ፦
ማውንት ቨርነንም አይናቅም። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት አብሮት የተዋጋው ፈረንሳዊው ላፋዬት ለዋሽንግተን የላከው፣ በፈረንሳይ አብዮት የተያዘው የባስቲል እስር ቤት ቁልፍ ዛሬም ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል።

የአራዳ ልጅ፦
እኔ ብሆን ሁለተኛውን ቀን ለአርሊንግተን መካነ መቃብር እሰጥ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1963 የኬኔዲ እንግዳ ነበሩ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመለሱ። ከዋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል አስከሬኑን ተከትለው በእግር ከሄዱት መሪዎች መካከል፣ ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ጋር፣ ጃንሆይ ነበሩ። አርሊንግተን ባለው የኬኔዲ መቃብር ላይ የሚነደውን የማይጠፋውን እሳት አጠገቡ ቆመው ይዩት።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ደውዬ ነገርኳቸው። ያኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበሩ፤ የኬኔዲን ሞት በጎረቤት ሬዲዮ እንደሰሙ አጫወቱኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ሞንቲቼሎ፣ እሑድ አርሊንግተን። የጄፈርሰንን መቃብር ጽሑፍ ፎቶ አነሣልዎታለሁ ብላቸው «ተይው፣ ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ፤ ራሴ እገለብጠዋለሁ» አሉኝ።